ጋሽ እንድሪስና አንዷ ደህና ሴራሚክ

ሰው ሞተ ተብሎ የሚጻፍ ጽሑፍ አልወድም። ጋዜጣ ላይ የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ ሁሉም ትሁት፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነበር። ይህን ሁሉ ደግ ሰው የቀበረ አገር ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን ከከሚሴ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በምሄድበት ባጃጅ ውስጥ ስሰማ፣ አንድ መስመር እንኳ አልጽፍላቸውም ብዬ ወሰንኩ። ደግሞም ደግ አልነበሩም። ትሑት መሆናቸውንም አላስታውስም። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ «ደህና ነው» አይሉም፤ «የሌላውን አይተሃል አይደል?» ነበር መልሳቸው።

ውሳኔዬን ያስለወጠኝ ከቀብራቸው በኋላ ልጃቸው ሰይድ ይዞልኝ የመጣው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ከግርጌው ግን እኔ ያልጻፍኩት ነገር ተጨምሮበታል። ወደሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ሰውየውን እወቋቸው።

ጋሽ እንድሪስ ሴራሚክ ሠራተኛ ነበሩ። ከሚሴ ውስጥ ገብታችሁ ደህና መታጠቢያ ቤት ካያችሁ የሳቸው እጅ ነው፤ ጎድጎድ ብሎ ውሃ የሚያቁር ወለል ካያችሁ ደግሞ የማን እንደሆነ ሳትጠይቋቸው ይነግሯችሁ ነበር። አጭር ናቸው። ወለል ላይ ተንበርክከው ስለኖሩ ጉልበታቸው አልቋል። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ከኪሳቸው ግን ክብሪት አይጠፋም። በሁለት ሴራሚክ መሃል እኩል ክፍተት እንዲኖር የሚያስገቡት የክብሪት እንጨት ነው። ለዚሁ የተሠራች የፕላስቲክ መስቀል ሱቅ ውስጥ መኖሯን አንድ ቀን ብነግራቸው «ለማያውቅ ነው» አሉኝ።

የኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። በኦሮምኛ ይጀመራል፣ ወደ አማርኛ ይሻገራል፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ማሽላው ሁሉ ተራ በተራ ይጠየቃሉ። ጋሽ እንድሪስም ይህን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ከባለቤቱ ፊት ላይ አይደለም፤ ከግድግዳው ማዕዘን ላይ ነው። «አካም ጅርታ? ልጆቹስ? ... ይሄን ማን ነው የለጠፈው?» አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አብረን ገብተን፣ አባቱ የሞተበትን ጎልማሳ ትከሻ ይዘው «አላህ ያጽናህ» ካሉት በኋላ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉና «ባዶ ነው፤ ከሥሩ አየር አለ» አሉት። ልጁ አባቱን ረስቶ ወለሉን ማየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ይህን የማጽናናት ዘዴ የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ እከራከራለሁ።

የታወቁበት ትልቁ ነገር ግን ቃላቸው ነው። ሥራ ሲጨርሱ ከቤቱ ባለቤት ፊት ይቆሙና «በኔ እጅ የተለጠፈ ከተሰነጠቀም ከወደቀም፣ ነቅዬ በራሴ እተካለሁ» ይላሉ። ከአርባ ዓመት በላይ ይህን ሲሉ ኖረው አንድም ሰው ና ተካ ብሏቸው አያውቅም ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ሱቅ የጭነት መኪና ገባበትና ግድግዳው ተደረመሰ። ጋሽ እንድሪስ ሳይጠሩ ሄዱ። ፍርስራሹን ገለባብጠው አንድ ክንድ የሚያህል የግድግዳ ቁራጭ አወጡ፤ ሦስት ሴራሚኮች እንደተለጠፉበት ናቸው። ለተሰበሰበው ሰው ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ግድግዳው ነው የወደቀው» አሉ። «የኔ አልወደቀም።»

ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ እኔን «ጋዜጣው» ነበር የሚሉኝ። የመታጠቢያ ቤቴን ሲሠሩ ሴራሚኩ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ቢለጠፍ ከሌላው ሰው ቤት ይለያል ብዬ ነበር። ቀጥ ማለቱን የሚለኩበትን ውሃ ልክ መሬት አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ስትጽፍ መስመሩን ታጣምመዋለህ?» አሉኝ። አልፎ አልፎ አዎ ብዬ መለስኩ። «ለዚህ ነዋ የማይገባን» አሉና ቀጥ አድርገው ለጠፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንገናኝ ሳንጣላ ተለያይተን አናውቅም። ማንም ሰው እሳቸውን ለማስጠራት ሲፈልግ ወደኔ የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ ለመከራከር ሲሉ ፈጥነው ይመጣሉ።

ዘይነብም እንዲሁ ብላ መጣች። ዘይነብ ጎረቤቴ ናት። ጅዳ ሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ተመልሳ፣ ከከተማው ጫፍ፣ ኩሽናዋ የጨፋን ሜዳ የሚያይ ቤት ሠራች። ከጅዳ ስትመጣ ሌላው ሰው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ሲጭን፣ እሷ ከምድጃው ጀርባ ለሚሆነው ግድግዳ አምስት ካርቶን ሴራሚክ ጭና መጣች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«የማዳሜ ኩሽና ግድግዳ እንዲህ ያለ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ወልውዬዋለሁ። በረኪና እንዳታስነኪው፣ አቼቶ እንዳታስነኪው፣ ሎሚ እንዳይረጭበት፣ በሻካራ ነገር እንዳትፈትጊው ... ወላሂ ጋሼ፣ የሚስማማውንና የማይስማማውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ ሲያመኝ ግን ምን እንደሚስማማኝ የጠየቀኝ የለም። አሁን የራሴን ልወልውል።»

እኔ ስለ ሰው ልጅ ክብር ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ። ከዚህ የሚበልጥ መስመር ግን አልወጣኝም።

ጋሽ እንድሪስ መጡ። ካርቶኑ ተከፈተ። ሴራሚኩ መዳፍ የሚያህል፣ ውሃ የተቀላቀለበት አረንጓዴ የሚመስል ነው። ላዩን እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከመስታወቱ ሥር ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች እርስ በርስ ተጠላልፈው ሞልተውታል። ጋሽ እንድሪስ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። በጥፍራቸው መቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አስቀመጡት። ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን። አራተኛውን ሲያስቀምጡ ድምፃቸው የሐዘን ቤት ድምፅ ሆነ።

«ልጄ፣ አብሽሪ። መርከብ ላይ ተንቀጥቅጦ ነው። ሁሉም ተሰነጣጥቋል።»

ዘይነብ ሳቀች። «ተሰነጣጥቆ ነው የተሠራው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ማን ነው ሰንጥቆ የሚሸጥ?»

«ፋብሪካው ነዋ።»

«ያረቢ!»

እዚህ ላይ ያነበበ ሰው መናገር አለበት ብዬ ገባሁ። እሳት ውስጥ ሸክላውና የላይኛው ቅቡ እኩል ስለማይኮማተሩ ቅቡ እንዲህ እንደሚተረተር፣ በሩቅ ምሥራቅ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ እንደ ውበት እንደሚያዩት፣ ሆን ብለውም እንደሚያመጡት አስረዳሁ። ጋሽ እንድሪስ አስጨርሰውኝ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያ የኛ አስፋልትም ጥበብ ነው ማለት ነዋ።»

ከዚያ የራሳቸውን ፈተና ጀመሩ። ሴራሚክ እንዴት እንደሚመረጥ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ሻይ ጠብ አድርግባት፣ ጠብቅ፣ ጥረግ፤ ከጠጣች ተዋት። ሻይ መጣ። ጠብ አደረጉ። ሻዩ ተቀምጦ ሲጠረግ ስንጥቆቹ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ የሸረሪት ድር ሠርቶ ቀረ።

«ጠጪ ናት» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ነገ እርዱን ትጠጣለች፣ ከነገ ወዲያ ዘይቱን ትጠጣለች። በዓመቱ ግድግዳሽ ዶሮ ወጥ ይሆናል።»

ዘይነብ ከጓዳ አንድ ጠርሙስ አመጣች። የአረብኛ ጽሑፍ አለበት። ሌላ ሴራሚክ አነሳችና ከጠርሙሱ ፈሳሹን በጨርቅ ቀባችው። «ይደር» አለች። በማግሥቱ ተሰበሰብንና ሻይ ጠብ አደረጉባት። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ቆመች። ሲጠርጓት ምንም አልቀረም። ጋሽ እንድሪስ ሴራሚኩን አገላብጠው፣ አሽተው፣ አሽትተውም አዩና፣ ተገርመው አለመገረማቸውን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ።

ግን አልሠራም አሉ። የከበዳቸው ጥበቡ አልነበረም፤ ስማቸው ነው። «ነገ ሰው ገብቶ ግድግዳውን ያያል። ስንጥቅ ያያል። ማን ነው የሠራው? ይላል። እንድሪስ ነው ትያለሽ። በቃ! አርባ ዓመቴ በአንድ ጠዋት አለቀ። ደግሞ ከተሰነጠቀ እተካለሁ ብያለሁ። ይሄን በምን ልተካው? በሌላ ስንጥቅ?»

«እሺ» አለች ዘይነብ። «ከኮምቦልቻ ሰው አስመጣለሁ።»

ጋሽ እንድሪስ እንደተሰደቡ ሆነው አዩዋት። ከዚያ አንድ መላ አመጡ፤ ሽማግሌ ይጠራ፣ ሴራሚኩ እጃቸው ሳይነካው የተሰነጠቀ መሆኑ ይታይ፣ በወረቀትም ይጻፍ። እኛ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ለድንበር፣ ለደም፣ ለፍቺ ነው። ለኩሽና ግድግዳ ሲቀመጥ ያኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ሸህ ሙሔ ናቸው፤ በዚህ አካባቢ ያስታረቋቸው ሰዎች ተቆጥረው አያልቁም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በሰባው ዓመት ውስጥ ግን ኩሽና ገብተው አያውቁም። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ መስጊድ እንደሚገቡ በቀኝ እግራቸው ገቡ። ቡታጋዙን ከሩቅ አዩት። መደርደሪያውን አዩ። «ይሄ ሁሉ እዚህ ነው እንዴ የሚቀመጠው?» አሉ በሹክሹክታ። ባለቤታቸው በምን ዓይነት ቦታ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ ያን ቀን ሳይገባቸው አልቀረም።

የምጽፈው እኔ ነኝ። ከየካርቶኑ ጥቂት ጥቂት ወጥቶ ታየ፤ ሁሉም ስንጥቅ ነው። ጋሽ እንድሪስ ከጀርባዬ ቆመው ያስጽፉኛል።

«'አምስቱም ካርቶን፣ አንድም ሳይቀር' በል።»

«ሁሉንም አላየናቸውም እኮ፣ ጋሽ እንድሪስ። 'ያየናቸው' ልበል?»

«አንድም ሳይቀር!» አሉ። «ቀዳዳ አትተውልኝ።»

ጻፍኩ፦ እኛ ስማችን ከታች የተጻፈው፣ የወይዘሮ ዘይነብ ሴራሚክ የአቶ እንድሪስ እጅ ሳይነካው፣ አምስቱም ካርቶን አንድም ሳይቀር የተሰነጠቀ ሆኖ መገኘቱን በዓይናችን አይተናል። ፈረምን። ሸህ ሙሔ ዱዓ አደረጉ። ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና በማግሥቱ ሥራ ጀመሩ።

መቼም ሲሠሩ ማየት ነበር! አምስቱንም ካርቶን ከፍተው ከየአንዳንዱ እያቀላቀሉ ይደረድራሉ፤ የአንዱ ካርቶን ቀለም ከሌላው በጥቂት ስለሚለይ፣ ሳይቀላቀል ከተለጠፈ ግድግዳው የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ዘይነብ ጠርሙሷን ይዛ ከፊት ከፊት ትቀባለች፤ ፉጋ የሚባለው የክፍተት መሙያ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር፣ ፈሳሹ መጀመሪያ መጠጣት አለበት። ፉጋውም ነጣ ያለ ይሁን አለች፤ ጥቁር ከሆነ ስንጥቁን ይስለዋል። ጋሽ እንድሪስ ከሴት ትእዛዝ ሲቀበሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የተቀበሉትንም ቆይተው የራሳቸው ሐሳብ አስመስለው መልሰው ይነግሯታል። «ልጄ፣ ቡታጋዙን ከግድግዳው ራቅ አድርጊው፤ ይሄ ሴራሚክ ግለት አይወድም» ይሏታል። የነገረቻቸው ራሷ ናት። «እሺ ጋሽ እንድሪስ» ትላለች።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ጋዜጣው። ና።»

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«ና አልኩህ።»

ሮጬ ሄድኩ። ጋሽ እንድሪስ ባዶ የማጣበቂያ ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በተገለበጠ ካርቶን ላይ አንዲት ሴራሚክ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«እያት» አሉኝ።

አየኋት። አነሳኋት፤ ወደ ብርሃን ያዝኳት። ምንም የላትም። እንደ ውሃ ጥርት ያለች ናት።

«ደህና ናት» አልኩ።

«ደህና ናት!» አሉ፤ ሰው እንዲህ ያለ ቃል በእንዲህ ያለ ምሬት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «ታዲያ ወረቀቱ ላይ የለቻ! ወረቀቱ ምን ይላል? አንድም ሳይቀር ተሰንጥቋል ይላል። ይቺ ነገ ብትሰነጠቅ በማን ነው? በኔ ነው!»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እሳቸው አልሳቁም። ይተዋት፣ አይለጥፏት ብል የሚበቃ አልነበረም፤ የዘይነብ እናት አዴ ፋጡማ ቀደም ብለው ትርፍ የነበሩትን ሦስት ሴራሚኮች ወስደው የትኩስ ድስት ማስቀመጫ አድርገዋቸዋል፣ አሁን ጠቁረዋል። የቀረው ቦታ የአንድ ሴራሚክ ነው፤ የቀረችውም እሷ ናት።

«እንግዲያ በመዶሻ ነካ ያድርጓትና ከጓደኞቿ ጋር እኩል ትሁን» አልኳቸው።

ሕፃን እንረድ እንዳልኳቸው ነው ያዩኝ። ከዚያ ገና ያልደረቀ አንዱን ስንጥቅ ሴራሚክ ከመስኮቱ አጠገብ አንሥተው ወደ ቀረው ቦታ አዛወሩት። ደህናዋን ከምድጃውም ከውሃውም በራቀው በዚያ የመስኮት ጥግ፣ በአራት ክብሪት መሃል፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጧት። ቢስሚላህ ሲሉ ሰማሁ። ሥራቸውን ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ከዘይነብ ፊት ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ ሌሎቹ ወረቀት አለ» አሉ። «ስለ አንዷ ግን ቃሌ ቃሌ ነው።»

የቤቱ ዱዓ ቀን ሴቶቹ ኩሽናውን ሊያዩ ገቡ። አዴ ፋጡማ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንጥቁ ሲደርቅ ይጠፋል ብለው ነበር የጠበቁት። «ጨቤራ!» አሉ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፤ ተሰብሯል ማለታቸው ነው። «ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ለፍታ የተሰበረ ገዛች!» በሳምንቱ ወሬው ሰንበቴ ገበያ ደረሰ። ጋሽ እንድሪስም በዚያው ሳምንት ሰንበቴ ተከተሉት፤ ፍየል የሚገዛውንም የሚሸጠውንም እያስቆሙ ወረቀቱን አሳዩ። ማንበብ የማይችለው በፊርማው ብዛት አመነ።

አዴ ፋጡማ ግን አላመኑም። ዘይነብ ቤት በሌለችበት ቀን ስንጥቁን ሊያስለቅቁ በረኪናና ሎሚ ይዘው ገቡ፤ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ያለውን ክንድ የሚያህል ቦታ እስኪያልባቸው ፈተጉት። ዘይነብ ስትመለስ ቅቡ ፈዝዟል። ጩኸቷን እኔ ቤት ድረስ ሰማሁ። እናትየዋም «ለሷ ብዬ ነው!» እያሉ ያለቅሳሉ። ጋሽ እንድሪስን ጠራናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጠቡት፣ ሁለት ቀን አደረቁት፣ ከጠርሙሱም መልሰው ቀቡት። የሻይ ጠብታዋ መልሳ እንደ ዶቃ ቆመች። ከዚያ ከአዴ ፋጡማ አጠገብ ተቀመጡ።

«አዴ፣ ስሚኝ። ይሄ መጨማደድ ነው እንጂ መሰበር አይደለም። ፊቴን እዪው። የራስሽንም በመስታወት እዪ። እኔና አንቺ ተጨማደድን እንጂ ተሰበርን?»

«አንቱ ተሰብረዋል» አሉ አዴ ፋጡማ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኔ ነኝ ያልተሰበርኩ።»

ያን ቀን ጋሽ እንድሪስ በክርክር ሲሸነፉ አየሁ። ያ ድል እስካሁን የኔ አለመሆኑ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የአንዷ ሴራሚክ ታሪክ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ግድግዳውን እንደገና ለመቀባት ይመጣሉ፤ ይሄ የሚገባ ነው። ግን በመሃሉም ይመጣሉ። አንዴ ክብሪት ረስቻለሁ ብለው፣ አንዴ ጥላ ጥዬ ነበር ብለው፣ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት። ገብተው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ጥግ ይሄዳሉ፤ በጥፍራቸው ኳ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝም ያ ረጅም ሰላምታ ቀረ።

«አለች?»

«አለች፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ያልፋሉ።

እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። በአምስተኛው ዓመት ልባቸው ታመመ፣ ዓይናቸውም ደከመ። ሥራ ተዉ። የዘይነብን ግድግዳ ግን ለማንም አላስረክብም አሉ።

አንድ ጠዋት ዘይነብ ጠራችኝና ወደ ኩሽናው ወሰደችኝ። ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳ፣ መሃል ላይ ሁለት ሆናለች። ማንም አልነካትም። እንደሷ ያለ ቅብ ዓመታት ቆይቶ በራሱ እንደሚሰነጠቅ አንብቤ ነበር፤ ማንበቤ ለአንዴም አልጠቀመም።

«እንዳትነግራቸው» አለችኝ። «ማልልኝ።»

«ሊቀቡ ሲመጡ ያዩዋት የለም እንዴ?»

አንድ መሥሪያ ቤት የሰጣትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አምጥታ ልክ እላይዋ ላይ ሰቀለችው። ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ለኔ በቂ ነበር፤ እኔ ዘንበል ያለ ነገር እንደምወድ ተናግሬያለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ከረመዳን በፊት መጡ፤ የመጨረሻቸው እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም። ቀን መቁጠሪያውን አዩ።

«ኩሽና ውስጥ?» አሉ።

«ጾሙን ለመቁጠር ነው» አለች ዘይነብ።

«ጥሩ ነው።»

ቀስ እያሉ ግድግዳውን ሙሉ ቀቡ። መሃል ላይ ንጹሕ ጨርቅ ከቤት እንድታመጣላቸው ዘይነብን ላኳት፤ እኔንም በረንዳው ላይ የተዉትን ውሃ ልክ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ለመቀባት ውሃ ልክ ምን ያደርጋል ብዬ ልከራከር አሰብኩና ደክመዋል ብዬ ተውኩት። አምጥቼ ሰጠኋቸው። ጨርቁን ፍለጋ ዘይነብን ልረዳት ወጣሁ። ስንመለስ ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ትከሻዬን ያዙ።

«አለች» አሉኝ። እንደ ሁልጊዜው አልጠየቁኝም። ነገሩኝ።

«አለች» አልኩ።

ይኼው ነው። ሞቱ፣ ቀበርናቸው፣ እኔም አልጽፍም አልኩ። ከሳምንት በኋላ ሰይድ ከኪሳቸው አገኘሁት ብሎ ያን አራት የታጠፈ ወረቀት አመጣልኝ። ከፊርማችን በታች በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። «አማርኛ ነው» አለኝ ሰይድ፤ «አባቴ ቁርአን ቤት እንጂ ትምህርት ቤት አልገባም፤ አማርኛውን በዚያ ፊደል ነው የሚጽፈው። አንብቤዋለሁ፤ ግን አልገባኝም።» አነበበልኝ።

«አንዷም ተሰነጠቀች። አይቻታለሁ። ልተካት ነበር፤ ዘይነብ ሸፍናታለች። እንዳየሁ እንዳይነገራት።»

«አንዷ ማን ናት?» አለኝ ሰይድ።

ወረቀቱን ይዤ ዘይነብ ቤት ሄድኩ። እንደምነግራት ወይም እንደማልነግራት መንገዱን ሁሉ ሳልወስን ደረስኩ። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ፣ በለስላሳ እጅ እየወለወለች ነበር፤ የራሷን። ቀን መቁጠሪያው እዚያው ነው፤ ያለፈው ዓመት ነው፣ አላነሳችውም።

«ሳያዩዋት መሄዳቸው ነው ደስ የሚለኝ» አለችኝ ሳትዞር። «አላዩዋትም፣ አይደል ጋሼ?»

እኔ በሕይወቴ ሰው ላለኝ ነገር ሁሉ ተቃራኒውን ስናገር ነው የኖርኩት። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቶቼ ያዝኩት።

«አላዩዋትም» አልኩ።

ጨርቁን ጨመቀችው፤ አጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጥግ ቀረብ አለችና ቆማ አየችው።

«እኔ ግን» አለች፣ «ቀን መቁጠሪያውን እንዲህ ቀጥ አድርጌ አልነበረም የሰቀልኩት።»